የፈዲሉ እባብ

ግንጪ ውስጥ ይመጣል ተብሎ የማይመጣ ነገር ሁሉ «የፈዲሉ እባብ» ይባል ነበር። የነቀምቴው አውቶቡስ ሲዘገይ፣ የቀበሌው ሱቅ ስኳር ገባ ተብሎ ሰው ሲሰለፍ ውሎ ባዶ ከረጢቱን ይዞ ሲመለስ፣ «ሽማግሌ እልካለሁ» ያለ ጎረምሳ ድምፁ ሲጠፋ፣ «ተዪው እቴ፣ የፈዲሉ እባብ ነው» ይባላል። አባባሉ አምቦ ድረስ ደርሷል። በወረቀት ሀገረ ሕይወት፣ በአፍ አምቦ በምንላት በዚያች ከተማ በታይፒስትነት ተቀጥሬ ስሠራ፣ መኪና የዘገየበት አንድ ሹም ፊቴ ቆሞ ሲናገረው ሰማሁ። ፈዲሉ ማን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ድሮ የነበረ ውሸታም መሰለኝ» አለኝ።

ድሮ የነበረ አልነበረም፤ ያን ዕለት ጠዋትም ሱቁን ከፍቷል። ውሸታምም አልነበረም። አባቴ ነው። ሹሙን ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም፤ ደብዳቤውን ግን በዚያ ሳምንት አልተየብኩለትም።

ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁም። አሁን የማወራው ጨፌው ስለሌለ ነው። ከጭልሞ ደን የሚወርደው ውሃ የሚተኛበት፣ ክረምት ከበጋ ቄጤማ የማያጣው ያ ረግረግ ቦይ ተቀዶለት ደርቋል፤ ባሕር ዛፍ ቆሞበታል። ባለፈው ዓመት በዚያ ሳልፍ መኪናው ውስጥ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሰው የሞተብኝ መስሏት «አይዞሽ» አለችኝ፤ እኔም አመሰገንኳት።

አባቴ ከስልጤ አገር ጨርቅ በትከሻው ተሸክሞ የመጣ ሰው ነው። ሲደክመው ግንጪ ላይ አረፈ፣ ካረፈበትም አልተነሣም። ሱቁ ከአስፋልቱ ዳር ነበር፤ ደጃፉ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ውስጡ አቡጀዲ፣ ፖፕሊን፣ ቴትሮን፣ ካኪ። ጨርቅ ሲለካ በክንዱ ዘርግቶ ይለካና መጨረሻ ላይ አንድ ስንዝር ይጨምራል። ገዢዋ ሳትጠይቀው «ይሄኛው ይለቃል፣ ለሠርግ አትውሰጂው» ይላል። እናቴ ቀድሪያ በዚህ ትቃጠላለች። «አንተ ሰውዬ፣ ጨርቁን ራስህ ካማኸው ማን ይገዛሃል?» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «የነጋዴ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ያለው አይደለም፣ አፉ ነው» ይላታል። እውነትም ነበር። ገበያ ቀን የገጠር ሴቶች ያልሸጡትን ቅቤ፣ የገዙትን ጨው፣ አንዳንዴም የሚያጠቡትን ልጅ እሱ ዘንድ ጥለው ይዞራሉ። ፈዲሉ ካለ አለ ነው፤ ፈዲሉ የለም ካለ የለም ነው።

ያ ስም ነው እባቡ የበላው።

በዚያ ዘመን የከተማ ሰው ላም ሲገዛ ገጠር ላለ ወዳጁ በርቢ ይሰጥ ነበር። ወተቱ ለጠባቂው፣ ጥጃው ለሁለቱ ይሆናል። የአባቴ ላም ቡሬ ከኦቦ ረጋሳ ጋር ነበረች። ረጋሳ ከጨፌው ዳር የሚኖር ገበሬ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ። ከአባቴ ጋር በሃይማኖት አይገናኙም፣ በቋንቋም አባቴ ኦሮምኛውን በስልጢኛ ቅላጼ ነው የሚናገረው። ሥጋ አብረው ባይበሉም እርጎና ቆሎ አያጣላቸውም ነበር። አባቴን «ፈዲሉ ኮ» ይለዋል፣ የኔ ፈዲሉ እንደ ማለት። አባቴ ደግሞ ከረጋሳ ቤት ሲመለስ ሁልጊዜ ደስ ብሎት ነው።

በ፲፱፻፸ ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ቡሬ ጨፌው ውስጥ ሰጠመች። ረጋሳ ሰው ላከና አባቴ ሱቁን ዘግቶ ሄደ። ሁለቱ እስከ ወገባቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው በጠፍር ሲጎትቱ፣ ከላሟ አፍንጫ ሥር ከቄጤማው መሐል አንድ እባብ ወጣ። ቀጭን፣ እንደ ረጠበ ከሰል የጠቆረ። አንገቱን ከውሃው በላይ ቀጥ አድርጎ ዋኘ። ጉሮሮው ላይ አባቴ ዕድሜ ልኩን በጨርቅ ንግድ አይቶት የማያውቀው ቀለም ነበረው። አላጠቃቸውም፣ አልሸሻቸውም፤ ሁለቱን ሰዎች ተራ በተራ አያቸውና ጠለቀ። ውሃው ተከደነ።

«አየኸው?» አለ አባቴ።

«ምኑን?» አለ ረጋሳ። «ያዝ እንጂ ጠፍሩን፣ ላሚቱ ልትሞት ነው።»

ላሟ ወጣች። ማታ አባቴ ጭቃውን ሳያጥብ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። አባቴ ነገር አያበዛም፣ ያን ማታ ግን እንደ ልጅ ሆኖ ነበር። የቀበሌው ሱቅ ሠራተኛ ወልደሰንበት እዚያ ነበር፤ አገር የሚያስቅ፣ ምላሱ ለማንም የማይራራ ሰው ነው። «እባብ አንገቱን ቀጥ አድርጎ? ሰላምታ ሊሰጥህ ነዋ!» አለ። «የቄጤማ ሥር ነው ያየኸው። ሲበሰብስ ይጠቁራል፣ ውሃ ሲነካው ይሄዳል።»

«ሥር ዓይን የለውም» አለ አባቴ። «ረጋሳ አብሮኝ ነበር፣ እሱን ጠይቁት።»

ረጋሳ ያቺን ላም ለማሳከም ሊማከር ከተማ ገብቶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሁሉም ዞረው አዩት። መሬት መሬት እያየ «ሂን አርግኔ» አለ። ቀጥሎም ሁሉም እንዲሰማው በአማርኛ፣ «አላየሁም።»

ሳቁ አስፋልቱን ተሻግሮ ተሰማ። «የፈዲሉ እባብ» የተወለደው ያን ማታ ነው።

መጀመሪያ ላይ ቀልድ ነበር፤ አባቴም አብሮ ይስቅ ነበር። በማግስቱ ከጥቅል ሁሉ ስር ፈልጎ አንዲት ብጣሽ ሐር ጨርቅ አገኘ፤ ከእንቁላል አስኳል የደመቀች፣ ከብርቱካን የፈዘዘች። «ይሄ ነው ጉሮሮው» እያለ ለሚመጣው ሁሉ ያሳያል። ትምህርት ቤት «የእባቡ ልጅ» የሚል ስም ወጣልኝ፤ እኔም ስሙን ያወጣችውን ልጅ ነክሻት እውነት አደረግሁት።

ቀልዱ ያለቀው ካሰች የመጣች ቀን ነው። ካሰች የመምህር ሚስት ናት፣ ልጇን ልትድር ነበር። ቴትሮኑን በጣቷ እያሸች «ጋሼ ፈዲሉ፣ አይለቅም?» ብላ ጠየቀች። «አይለቅም» አለ አባቴ። አብራት የመጣችውን ሴት አየቻትና «እንደ እባቡ ነው?» አለች። ሁለቱም ሳቁ። ክፋት አልነበረውም። ግን ጨርቁን መልሰው አስቀምጠው ወደ ሌላ ሱቅ ሄዱ። አባቴ ጨርቁን ደጋግሞ አጠፈው፤ ታጥፎ ያለቀውን ጨርቅ እንደገና ዘርግቶ አጠፈው። ያን ማታ እራት አልበላም። «አፌን ወሰዱብኝ» አለ ለእናቴ። ከዚያ በኋላ እባቡን ማግኘት ለእሱ ጨዋታ አልነበረም።

እሑድ እሑድ ወደ ጨፌው ይሄዳል። ወደ ሌላ ማን ዘንድ ይሂድ? ወደ ረጋሳ ነው። ረጋሳ በትሩን ይዞ ይቀበለዋል፣ ከፊት ከፊት እየመራ ያዞረዋል። አንድ እሑድ ወደ ላይኛው የጨፌው ጠርዝ፣ አንድ እሑድ ወደ ታችኛው ወንዝ፣ አንድ እሑድ አልቅት ወደሞላበት ሸለቆ። «በበልግ ነው የሚወጣ ይላሉ» ይላል ረጋሳ። በልግ ሲመጣ «ዘንድሮ ዝናቡ ቀደመ» ይላል። አባቴ ጫማ ይጨርሳል፣ ሱሪ ይቀድዳል። የቀበሌ ስብሰባ ስለሚቀር አንድ ቀን ተወቀሰ። ሰብሳቢው «ጓድ ፈዲሉ፣ አብዮቱ ሲጠራህ የት ነበርክ?» ቢለው፣ አባቴ መዋሸት አይችልምና «እባብ ፍለጋ» ብሎ መለሰ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ሰብሳቢውም ስቆ ማለፉን ወደነዋል፤ ያ ጊዜ ሁሉም ነገር በሳቅ የሚታለፍበት አልነበረም።

አንድ ሰሞን ደግሞ «በሕይወት ያለበትን ላሳየኝ ሰው ሻሽ እሰጣለሁ» አለ። ገበያው የሰማው ሻሹን ብቻ ነው። እባብ አይቶ ዝም የሚል ሰው በእኛ አገር የለም፤ መጀመሪያ በዱላ ነው፣ ጥያቄው ቆይቶ ነው። ከየቀበሌው የተቀጠቀጠ እባብ በእንጨት እየተንጠለጠለ መጣ። አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፤ አንዱ እንዲያውም እባብ ሳይሆን ትልቅ የምድር ትል ነበር። እናቴ መጥረጊያዋን ይዛ ወጣች። «ወላሂ፣ ሱቁን የእባብ መቃብር አደረግከው! ፖፕሊን ሊገዛ የመጣ ሰው ሬሳ ተሻግሮ ነው የሚገባው!» አባቴ ግን የሞቱትን አንድ በአንድ እያገላበጠ ጉሮሯቸውን ከብጣሹ ጋር ያስተያያል፤ ባልሆነ ቁጥር ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ። ያኔ አልገባኝም ነበር። ሊያገኘው ይፈልጋል፣ እንዲህ ሆኖ ሊያገኘው ግን አይፈልግም። ሻሹን አቆመ፤ እባብ እንዳይገድሉም ስንቱን ለመነ።

ፍለጋው ሲያልቅ ሁልጊዜ የሚያርፈው ረጋሳ ቤት ነው። ብዙ ጊዜ አብሬው ሄጃለሁ፣ እስከ ዛሬ ሽታው አፍንጫዬ ላይ አለ፤ የረጠበ ቄጤማ፣ የጥጃ ትንፋሽ፣ የታጠነ የእርጎ ቅል። የረጋሳ ሚስት ዱሬቲ ከቤቱ ጀርባ ካለችው ዋርካ ሥር አጎዛ ታነጥፍልናለች። ከዋርካዋ ወዲያ በቅንጭብ የታጠረ ምንጭ አለ። በመጀመሪያው እሑድ አባቴ ፊቱን ወደ ምንጩ አድርጎ ሊቀመጥ ሲል፣ ረጋሳ ክንዱን ይዞ «ወደዚህ ዙር፣ ያ ሴቶች የሚታጠቡበት ነው» አለው። አባቴ እስከ ጆሮው ቀልቶ «አስተግፊሩላህ» አለና ጀርባውን ሰጠ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት በተቀመጠ ቁጥር ያለ ማንም ማሳሰቢያ ጀርባውን ለምንጩ ሰጥቶ ነው። ውሃ ሲንቦጫረቅ ቢሰማ እንኳ ዓይኑን ወደ እርጎው ይሰብራል።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ላሟ ቡሬ አረጀች፣ ልጆቿ ወለዱ። ቤቶች ከየኮረብታው ተነሥተው ወደ መንደር ምሥረታ ሲሰበሰቡ የረጋሳ ቤት ጨፌው አጠገብ ስለነበረ እንዲያ እንዳለ ቀረ። እኔ አምቦ ሥራ ያዝኩ። አባቴ ሸበተ፣ እሑድ ግን አልቀረም። አንዳንዴ የሚሄደው እባቡን ሊፈልግ ነው ወይስ ረጋሳን ሊያይ ብዬ አስባለሁ። ጠይቄው ቢሆን ደስ ባለኝ።

በ፹፫ መጀመሪያ መርካቶ ያለው ታላቅ ወንድሙ ታመመና «መጥተህ ሱቁን ያዝ» ብሎ ላከበት። ሊሄድ ሆነ። ዕቃ ላግዝ ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። በመጨረሻው እሑድ ልንሰናበት አባቴና እኔ ረጋሳ ቤት ሄድን። አባቴ ዱሬቲ ያነጠፈችው አጎዛ ላይ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቶ ሊቀመጥ ሲል ረጋሳ ክንዱን ያዘው።

«ፈዲሉ ኮ» አለ። «ዛሬ ዞረህ ተቀመጥ።»

«ሴቶቹስ?»

«ሴቶች ኖረው አያውቁም። ዞረህ ተቀመጥ።»

ዞረን ተቀመጥን። ቅንጭቡ መሐል ክፍተት ነበረው፤ የምንጩ ዓይን ይታያል። ፀሐይ ከአናት ላይ ነበረች። ብዙ አልቆየንም። ከድንጋዩ ሥር ረጠብ ያለ ከሰል የመሰለ ነገር ወጣ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ውሃውን በዝግታ ተሻገረ፤ ጉሮሮው ፀሐይ ላይ በራ። አባቴ ከደረት ኪሱ ብጣሿን አወጣ፤ ያረጀች፣ በመታጠፍ ብዛት የሳሳች። ወደ ላይ ያዛት። እጁ ላይ ያለውና ውሃው ላይ ያለው አንድ ነበሩ። እባቡ እንደ ያኔው ተራ በተራ አየንና ጠለቀ።

እኔ እያለቀስኩ ነበር። አባቴ ግን አላለቀሰም። ዓይኑን ከውሃው ሳያነሣ፣ «ያን ቀን አይተኸው ነበር?» አለ።

«አይቼዋለሁ» አለ ረጋሳ። «ከዚያም በፊት አውቀዋለሁ። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

ከዚያ ነገረን። የዚያ ምንጭ ሰዎች፣ የእሱ ዘመዶች፣ ውሃው ባለቤት አለው ይላሉ። ያየው ያያል፣ ያየውን ግን በአፉ አያወጣውም። ከተወራ ይፈለጋል፣ ከተፈለገ በዱላ ነው፤ እሱ ከሞተ ውሃው ይሄዳል። ያወራ ሰው ከብቱን ከዚያ ምንጭ አያጠጣም፤ ሽማግሌው ኦቦ ሆርዶፋ በትሩን አጋድሞ ይከለክለዋል። «አንተ ስታወራ ዝም ብል አየሁ ማለት ነው» አለ ረጋሳ። «ካድኩህ። አንተን ይዤ መዞሬም ከዚህ ላርቅህ ነው። ስትስቅ እስቃለሁ፤ ማታ ግን ዱሬቲን ጠይቃት እንዴት እንደማድር።»

አባቴ ተነሣ። ልብሱን አራገፈ። «አፌን የወሰድከው አንተ ነህ» አለ። እርጎውን ሳይቀምስ ሄደ። ዱሬቲ ቅሉን ይዛ እስከ መንገዱ ተከተለችን። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ነው የተናገረው፤ «ቆይቼ ቢሆን ክፉ እናገረው ነበር።»

ከሁለት ቀን በኋላ አይሱዙ መጥቶ ዕቃ ጫንን። ግንጪ ተሰብስቦ ወጣ። ሴቶቹ ለእናቴ ያለቅሳሉ፣ ወንዶቹ ገመድ ያጠብቃሉ። ኦቦ ሆርዶፋም በትሩን ተደግፎ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ዕድሜው ስለገፋ ለማንም አይነሣም። ረጋሳ ከሰው ኋላ ቆሟል። አባቴ አይቶታል፣ ሰላም ግን አላለውም። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት አዝኜ አላውቅም። የሁለቱ ነገር እንዲህ ሆኖ ሊቀር ነው አልኩ።

ወልደሰንበት እንደ ልማዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጋሽ ፈዲሉ፣ ሁሉን ጫንክ፤ እባቡን ለማን ትተህ ልትሄድ ነው?» አለ።

ሰው ሳቀ። አባቴ ገመዱን ይዞ አንገቱን ደፋ። የሸበተው ማጅራቱ ትዝ ይለኛል።

«አይቼዋለሁ» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ረጋሳ ነው። ሰው እየገፋ ወደ ፊት መጣ። «አርጌራ። እኔም አይቼዋለሁ። ፈዲሉ አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። የሆርዶፋ ራስ ቀና አለ፤ በትሩም ከመሬት ተነሣ። ወልደሰንበት አፉን ከፈተና «የት?» አለ። ከመኪናው ላይ ገመድ ያጠብቁ የነበሩ ጎረምሶች ወረዱ። አንዱ ዱላውን አነሣ። «የት ነው ያየኸው፣ ኦቦ ረጋሳ?» አሉ።

አባቴ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀው ቃል ይኸው ተነግሮለታል፤ በገበያው ፊት፣ በምስክር አፍ። ዝም ቢል አፉ ይመለስለታል። አየሁት፤ ረጋሳን አየ፣ የሆርዶፋን በትር አየ፣ የልጆቹን ዱላ አየ። ከዚያ ሳቀ። አባቴ ሲዋሽ አይቼው አላውቅም ነበር፤ እንደ ጀማሪ ነው የሳቀው።

«ተዉት እናንተ» አለ። «ወዳጄ ስለሆነ፣ ስሜን ሊያነሣልኝ ብሎ ነው። ምን እባብ አለ? ወልደሰንበት ከመጀመሪያው ነግሮኛል፤ ያየሁት የቄጤማ ሥር ነው። አውቄዋለሁ፣ እልህ ይዞኝ ነው የቆየሁት።»

ግንጪ ፈነዳች። ወልደሰንበት «አላልኳችሁም!» እያለ ያጨበጭባል። ልጆቹ ዱላቸውን ጥለው ወደ ገመዳቸው ተመለሱ። ረጋሳ አፉን ሊከፍት ሲል አባቴ አንገቱን አቀፈውና ጆሮው ላይ አንድ ነገር ነገረው። ሁለቱም እንደዚያው ተቃቅፈው ቆዩ። ረጋሳ እንደ ልማዱ ድምፅ ሳያወጣ ነበር የሚያለቅሰው። ሆርዶፋ አባቴን ለረጅም ጊዜ አየው። በትሩን ተመርኩዞ፣ ለማንም የማይነሣው ሰውዬ፣ ተነሣ። «ነጋን ገሊ» አለው፣ በሰላም ግባ። አባቴ ጎንበስ ብሎ እጁን ሳመው።

መኪናው ሲነሣ ሾፌሩ አጠገብ ሦስታችን ተጣብበን ተቀመጥን። እናቴ ምንም ስላልነገርናት በንዴት ልትሞት ነው። «ይህን ሁሉ ዓመት ጨፌ ለጨፌ ያንከራተተህ ሥር ነው? እንዴት አድርገህ ነው ደግሞ ሰው ፊት የምታወራው?» ትለዋለች። አባቴ የጨፌው አረንጓዴ ከኮረብታው ጀርባ እስኪጠፋ በመስኮቱ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ብጣሿን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋት፣ በመዳፉም አስተካከላት።

«ቀለሙ ግን ልክ ነበር» አለኝ።